«ሲስተም የለም» መልስ ሊሆን አይገባም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሰው ሕመም ይሁን እንጂ ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ተዘረጋው የኮምፒዩተር መረብ ቢነገርም እውነትነቱ አይጓደልም። እንደሚታወቀው በአሁኑ ጊዜ ባንክ ብንሄድ፣ ቀበሌ ብንሄድ፣ የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት ደጅ ብንጠና ደጋግመን የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ሲስተም የለም»። ሰልፈኛውም ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ለምን የለም? የት ላይ ተቋረጠ? ከመቼ ጀምሮ? አንድ ሰው አውቆታል ወይስ አላወቀውም? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነገሩን እንደ ውርጭ፣ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ አድርገን ተቀብለነዋል።

ይህ ጸሐፊ በበኩሉ በዚህ አይስማማም። መረብን የሠራው ሰው ነው፤ የሚበላሸውም በታወቀ ቦታና በታወቀ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መረብ ሲዘረጋ ብልሽቱን ራሱ የሚናገርበት ዘዴ አብሮ ካልተዘረጋ ሥራው አልቋል ተብሎ ርክክብ ሊደረግበት አይገባም። እኛ እጩ መምህራንም ቢያንስ ይህ ዘዴ መኖሩንና አሠራሩን ማወቅ ይኖርብናል።

ነገሩ እኛን ለምን ይመለከተናል?

«እኔ የአማርኛ መምህር ልሆን ነው፤ ስለ ስዊችና ስለ ኬብል ምን አገባኝ?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲህ ይህን ልብ ይበል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ የተፈተኑት ቁጥር ካለፈው ዓመት በልጦ ታየ። ነገ በየተመደብንበት ቦታ ፈታኝ ሆነን የምንቆመው እኛ ነን፤ የአማርኛውም፣ የሒሳቡም፣ የስፖርቱም መምህር።

የወረቀት ፈተና የራሱ ችግር ቢኖርበትም አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። የአንዱ ልጅ ወረቀት ቢቀደድ ሌላ ይሰጠዋል፤ የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በመረብ ላይ ግን ከኮርኒስ በላይ ያለ አንድ ሽቦ ቢቋረጥ ክፍል ሙሉ ልጅ ባንድ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከዚያ ምን ይሆናል? ከተማ ያደገውና ኮምፒዩተር የለመደው ልጅ «መስመሩ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ከገጠር መጥቶ ኮምፒዩተር በቅርብ ጊዜ ያየው ልጅ ግን «እኔ ምን ነካሁ? እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» ብሎ ይደነግጣል። ላቡ ይመጣል፤ ያጠናው ይጠፋበታል። መስመሩ ከተመለሰም በኋላ ልቡ አይመለስም። ፈታኙ መምህር በዚያች ሰዓት «ልጆች፣ አትደንግጡ፤ የተቋረጠው ከዚህ ክፍል ውጭ ነው፤ እናንተ ምንም አላበላሻችሁም» ብሎ እርግጠኛ ሆኖ መናገር ቢችል ለዚያ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። እርግጠኛ ሆኖ ለመናገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ለማወቅ ደግሞ መረቡ ራሱ ሊነግረን ይገባል።

አረንጓዴዋ መብራት ምን ታውቃለች?

ብዙ ሰው ስዊች ማለት ኬብሎች የሚሰኩበት፣ ትናንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም የሚሉበት ሣጥን መሆኑን ያውቃል። መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች «ይሠራል» ይባላል፤ ከጠፋች «ተበላሽቷል» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ያች መብራት የምትመሰክረው ስለ አንዲት ኬብል ብቻ ነው። በዚህኛው ጫፍና በዚያኛው ጫፍ ያሉት ሁለት ዕቃዎች ይሰማማሉ፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ስላለው መንገድ አንዳችም አታውቅም።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት በተላክንበት አንድ ትምህርት ቤት (ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም) ያየነው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአስተዳደሩ ሕንጻ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ርቀት ከ100 ሜትር በላይ ነው። ተራው የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በሁለቱ ሕንጻዎች መካከል የፋይበር መስመር ተቀብሯል፤ በሁለቱም ጫፍ ፋይበሩን ወደ መዳብ የምትለውጥ ትንሽ ሣጥን ተቀምጣለች። ለውኃ ቧንቧ ጉድጓድ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆረጠ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች ከሁለት ሳምንት በላይ ከመረቡ ተለይተው ቆዩ። በአስተዳደሩ ክፍል ያለው ስዊች ግን መብራቱ እንደ አረንጓዴ ነው! ለምን ቢሉ ስዊቹ የሚያውቀው አጠገቡ ያለችውን ትንሿን ሣጥን እንጂ ከዚያ ማዶ ያለውን አይደለም። ሣጥኗ ደኅና ናት፤ መብራቷም በርታለች። እና ሁሉም ሰው «እኛ ጋ ደኅና ነው፤ ችግሩ ከውጭ የሚመጣው መስመር ነው» እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። ከግቢ ያልወጣ ችግር በግቢ ውጭ ተፈለገ ማለት ነው። ተማሪዎቹም ለፈተና የሚያነቡትን ሳያነቡ ቀሩ።

ፋይበር ሌላም ጠባይ አለው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ክር ለመላክ፣ ሌላው ክር ለመቀበል ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢቆረጥ አንደኛው ወገን ይሰማል፤ ሌላው አይሰማም። የሚሰማው ወገን ሁሉ ነገር ደኅና ይመስለዋል። በስልክ ስናወራ «እኔ እሰማሃለሁ፤ አንተ ትሰማኛለህ ወይ?» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስም መጥራትን የመሰለ ዘዴ

ለመሆኑ መፍትሔ የለውም? አለው። መፍትሔውም አዲስ አይደለም።

ኢተርኔት የሚባለው የመረብ ዓይነት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ አገር በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሲሆን ዋነኞቹ ፈልሳፊዎች ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ነበሩ። ያኔ የታሰበው በአንድ ሕንጻ ውስጥ ያሉ ኮምፒዩተሮችን ለማገናኘት ነው። በአንድ ሕንጻ ውስጥ ደግሞ ሽቦ ቢበጠስ ሄዶ ማየት ይቻላል። እየቆየ ግን ኢተርኔት ከሕንጻ ወጥቶ ከከተማ ከተማ መሄድ ጀመረ። ሄዶ ማየት የማይቻልበት ጊዜ መጣ። ስለዚህ የመሐንዲሶቹ ማኅበር አይትሪፕልኢ እ.ኤ.አ. በ2007 802.1ኤጂ የሚባል ደንብ አወጣ። ይህ ደንብ በኋላ 802.1ኪው ከሚባለው ዋናው ደንብ ጋር ተዋሕዷል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም ዋይ.1731 የተባለ ተቀራራቢ ደንብ አለው። ዘዴው ኮኔክቲቪቲ ፎልት ማኔጅመንት፣ ባጭሩ ሲኤፍኤም ይባላል። በእኛ ቋንቋ የግንኙነት ብልሽት ክትትል ብንለው ያስኬዳል።

ስሙ ያስፈራ ይሆናል። አሠራሩ ግን መምህር ለሆነ ሰው ከማንም በላይ ቅርብ ነው፤ ስም መጥራት ነው።

በመስመሩ ሁለት ጫፍ አንድ አንድ ዘብ ይቆማል እንበል። እያንዳንዱ ዘብ ቁጥር አለው። ሁለቱም በተወሰነ ጊዜ ሳያቋርጡ «አለሁ» የምትል አጭር መልእክት ይልካሉ። አንዱ የሌላውን «አለሁ» እየሰማ መስመሩ ሙሉ መሆኑን ያውቃል። የሦስት ተኩል ዙር ጊዜ አልፎ ድምፁ ካልተሰማ «ቀሪ» ብሎ ይመዘግብና ያስታውቃል። መምህር ስም ሲጠራ መልስ ያጣበትን ልጅ «ቀሪ» እንደሚለው ነው። አንዴ ብቻ ስላልተሰማ ወዲያው አይቸኩልም፤ ሳል ይዞት ሊሆን ይችላልና።

በዚህ ዘዴ የመብራቷ ስሕተት ይቀራል። ዘቡ የሚጠብቀው አጠገቡ ያለችውን ሣጥን ሳይሆን በመንገዱ መጨረሻ ያለውን ጓደኛውን ነው። በመካከል ያለው ፋይበር ቢቆረጥ የጓደኛው ድምፅ ይጠፋል፤ መብራቷ ብትበራም ባትበራም። አንዱ ክር ብቻ የተቆረጠ እንደሆነም፣ መስማት ያቃተው ዘብ በሚልከው «አለሁ» ላይ «እኔ ግን አልሰማህም» የምትል ምልክት ይጨምራል። የሚሰማው ወገን በዚህ ይነቃል። ደግሞም ከሌላ ክፍል የመጣ፣ በስም መዝገቡ ላይ የሌለ ድምፅ ከተሰማ ሁለት የማይገናኙ መስመሮች በስሕተት መቀላቀላቸውን ያውቃል። ይህ ስም ሲጠራ የሌላ ክፍል ተማሪ «አቤት» ሲል እንደመያዝ ያለ ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው አንዱን ዘብ ለይቶ በስሙ መጥራትና መልሱን መጠበቅ ነው፤ ልክ መምህር «አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ትሰማለህ?» እንደሚለው። ሁለተኛው መንገዱን መከተል ነው። መልእክቱ ሲሄድ በየመንገዱ ያሉት የመካከል ዘቦች፣ እንደ ኬላ ጠባቂ፣ «በእኔ በኩል አልፏል» ብለው ለላኪው ይመልሳሉ። የመጨረሻው መልስ ከየትኛው ኬላ እንደመጣ ሲታይ ብልሽቱ ከዚያ ወዲያ መሆኑ ይታወቃል። ያኔ ቴክኒሺያኑ መሰላል ተሸክሞ ግቢውን ሁሉ አይዞርም። በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል።

እንዴት ይዘጋጃል?

ትእዛዞቹ እንደ ስዊቹ ሠሪ ኩባንያ ይለያያሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይለያይም።

መጀመሪያ ክትትል የሚደረግበት ክልል ይወሰናል፤ ስምና ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃው ከ0 እስከ 7 ነው። ይህ ደረጃ ጥሩ ብልሃት ነው። እኛ አገር ትምህርት ቤቱ የራሱን ያያል፤ ወረዳው ትምህርት ቤቶቹን ያያል፤ ዞኑ ወረዳዎቹን ያያል። በዚያም እንደዚሁ ነው። በተለመደው አከፋፈል ከ0 እስከ 2 መስመሩን ለሚያንቀሳቅሰው፣ 3ና 4 አገልግሎቱን ለሚሸጠው፣ ከ5 እስከ 7 ለተጠቃሚው ነው። የበላዩ መልእክት በበታቹ ክልል ሳይነካ ያልፋል፤ የበታቹ የውስጥ ጉዳይ ግን ከክልሉ አይወጣም። በዚህም ምክንያት «የእኛ አይደለም፤ የእነሱ ነው» የሚባለው ንትርክ ይቀንሳል። ጥፋቱ በማን ክልል እንዳለ ይታያልና።

ቀጥሎ የሚጠበቀው መስመር ከአንድ ቪላን ጋር ይያያዛል። (ቪላን ማለት በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩ ክፍሎችን እንደ ግድግዳ የሚለይ አከፋፈል ነው።) ከዚያ ዘቦቹ በየፖርታቸው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱም ከ1 እስከ 8191 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይይዛል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘቡ ፊቱን ወደ ኬብሉ ያዞራል ወይስ ወደ ስዊቹ ሆድ? ይህ በትክክል ካልተነገረው ሁለት ዘቦች ጀርባ ለጀርባ ቆመው ሲጠራሩ ይውላሉ፤ አይሰማሙም።

ከዚያ የስም መዝገቡ ይሞላል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። አንድ ዘብ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምቶት የማያውቀው ጓደኛ ቢኖር መቅረቱን ሊያውቅ አይችልም። ስሙ መዝገብ ላይ የሌለ ተማሪ ቢቀር ማን ያውቃል? ስለዚህ ሊሰሙ የሚገባቸው ዘቦች ቁጥር አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ቀጥሎ የጊዜው ልክ ነው። ደንቡ ከ3.33 ሚሊሰከንድ እስከ 10 ደቂቃ የሚደርሱ ሰባት ምርጫዎች አሉት። በአንድ ሰከንድ አንዴ ከተጠራ ብልሽቱ በ3.5 ሰከንድ ውስጥ ይታወቃል። በ10 ደቂቃ አንዴ ከተጠራ ግን እስኪታወቅ 35 ደቂቃ ያልፋል። 35 ደቂቃ ለአንድ ተፈታኝ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በሌላ በኩል 3.33 ሚሊሰከንድ ማለት በሰከንድ 300 ጊዜ መጣራት ነው፤ ለትልልቅ የቴሌኮም መስመሮች እንጂ ለትምህርት ቤት አያስፈልግም። ለእኛ አንድ ሰከንድ ይበቃናል።

በመጨረሻ «ቀሪ» የተባለው ለማን ይነገር? ማስታወቂያው በስዊቹ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ብቻ ከቀረ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ወደ አንድ ኮምፒዩተር፣ ከዚያም ወደ አንድ ስሙ ወደታወቀ ሰው መድረስ አለበት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ሄዶ ኬብሉን ሆን ብሎ ይንቀል። ማስታወቂያው መጣ? ከመጣ ሥራው አልቋል። ካልመጣ አላለቀም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ፤ ሳልመልስላቸው ማለፍ ተገቢ አይደለም።

አንደኛው «ይህ የቴክኒሺያን ሥራ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እጁን የሚያስገባው ቴክኒሺያኑ ነው። ነገር ግን እናት ሐኪም ባትሆንም የልጇን ትኩሳት ታውቃለች። አውቃም ትጠይቃለች። መምህርም የሚጠይቀውን ካወቀ «ሲስተም የለም» ብሎ የሚያባርረው አይኖርም።

ሁለተኛው ስለ ዋጋ ነው። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በየሱቁ የሚሸጡት ርካሽ ስዊቾች ማዘዣ የላቸውም፤ ሰክቶ መጠቀም ብቻ ነው፤ ሲኤፍኤምን አያውቁትም። ማዘዣ ካላቸውም ሁሉም አይችሉትም። ታዲያ ምን ይደረግ? የሚችል ስዊች በሌለበት ቦታ ዝቅ ያለው ደረጃ ይያዝ። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፈው ፒንግ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ዛሬ በየኮምፒዩተሩ ላይ በነፃ ይገኛል። አንድ ኮምፒዩተር በየደቂቃው በየሕንጻው ያለውን አንድ አንድ ዕቃ በፒንግ እየጠራ ያልመለሰውን እንዲመዘግብ ማድረግ ብር አያስወጣም። እርግጥ ነው እንደ ሲኤፍኤም ጥፋቱን ለይቶ አይነግርም፤ መልስ የጠፋው በኬብሉ ይሁን በኮምፒዩተሩ አይለይም። ግን ሁለት ሳምንት ከመጠበቅ ይሻላል። የሚችል ስዊች ገዝተው ያንን ክፍል ጭራሽ ያልከፈቱት ግን ምን ምክንያት ያቀርባሉ? ገንዘቡ ወጥቷል፤ የቀረው የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። «ማስታወቂያ ሲበዛ ሰው ይሰለቻል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ደወል ቢጮህ ማን ይሰማዋል?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሁልጊዜ የሚጮህ ውሻ ቤት አይጠብቅም። ስለዚህ ዘብ በየኮምፒዩተሩ ሥር አይቁም። ኮምፒዩተሮቹ ማታ ማታ ይጠፋሉ፤ ያ ብልሽት አይደለም። ዘብ የሚቆመው በሕንጻና በሕንጻ መካከል ባሉት ዋና ዋና መስመሮች ላይ ብቻ ነው። በአንድ ግቢ አራት አምስት ቢሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ መቋረጥም ቢሆን ለዋናዎቹ ስዊቾች መጠባበቂያ ባትሪ በማስቀመጥ ሊለይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዘዴ ሁሉን ያድናል ማለቴ አይደለም። ብልሽትን ይናገራል እንጂ አይጠግንም። መንገዱ ክፍት መሆኑን ይናገራል እንጂ ገበያው መቆሙን አይናገርም፤ ፈተናው የተቀመጠበት ሰርቨር ቢታመም ዘቦቹ «አለሁ» እየተባባሉ ይቀጥላሉ። ሆኖም መንገዱ ደኅና መሆኑን ማወቅ ራሱ ግማሽ መልስ ነው። ሐኪምም ቢሆን በመጀመሪያ ያልታመመውን ይለያል።

ምን እናድርግ?

ወሬ ብቻ እንዳይሆን ለተቋማችንም ሆነ ነገ ለምንደርስባቸው ትምህርት ቤቶች የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1. በየኮምፒዩተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የመረቡ ካርታ ይለጠፍ። የትኛው ኬብል ከየትኛው ፖርት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ፋይበሩም በግቢው ውስጥ በየት በኩል እንደተቀበረ ይጻፍበት። ጉድጓድ ቆፋሪም ከመቆፈሩ በፊት ይየው።

2. አዲስ ስዊች ሲገዛ «የግንኙነት ብልሽት ክትትል ይችላል ወይ?» የሚል አንድ መሥመር በግዥው ዝርዝር ላይ ይግባ።

3. መረብ ዘርግቶ የሚያስረክብ ሁሉ በርክክቡ ቀን ኬብል ተነቅሎ ማስታወቂያው ሲመጣ በዓይን ያሳይ። ካላሳየ አይፈረምለት።

4. ፈተና ከመጀመሩ በፊት ባሉት ቀኖች ይኸው ሙከራ ይደገም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። በፈተናው ቀን የሚደረግ ሩጫ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

5. ማስታወቂያው የሚደርሰው ሰው በስም ይታወቅ፤ እሱ ሲቀርም ተተኪው ይታወቅ። ብልሽቱ የታወቀበትና የተጠገነበት ሰዓት በደብተር ይጻፍ። ደብተሩን ያየ ሰው የቱ መስመር እንደሚያስቸግር በሴሚስተር ውስጥ ይገባዋል።

6. በተቋማችን በሚሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት ላይ ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይመደብ። ቃላትና ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ማተሙን እናውቅበታለን፤ መስመር ሲቋረጥ የት እንደተቋረጠ መፈለግን ግን ማንም አላሳየንም።

ከእነዚህ ውስጥ አንደኛውና አምስተኛው ምንም ገንዘብ አይፈልጉም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃሉ። ካርታውን ለመሥራት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝግጁ ነን፤ የኮምፒዩተር ክፍሉን ቁልፍ የያዙት ኃላፊ ቢፈቅዱልን ከቤተ መጻሕፍቱ መስመር እንጀምራለን። መምጣት የሚፈልግ ይምጣ።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ፣ ወይም «ስዊቻችን አይችልም» የሚል ማስረጃ ያለው ካለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ባዶ ቦታ ትተናል፤ መልሱን ጽፎ ይለጥፍ። አንድ መልስ ብቻ አንቀበልም፤ እሱም «ሲስተም የለም» የሚለውን።

ከአንድ እጩ መምህር